ወረቀቷን ይዘን እሷን ለቀቅን

መምህር የሰጠውን ማርክ ይረሳል፤ ተማሪ ግን የተሰጠውን አይረሳም። ይህን ያወቅሁት ማስተማሩን ከተውኩ ከዓመታት በኋላ፣ ለልጄ የዝናብ ጃኬት ልገዛ አንድ ልብስ ቤት በገባሁ ጊዜ ነው። ባለሱቋ ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ጃኬቱን አጣጥፋ ፌስታል ውስጥ እየከተተች ቀና ብላ አየችኝና፣ «ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ሲ ሰጥተውኛል» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ለአንደኛ ዓመት የአዋላጅ ነርስ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ጽሕፈት አስተምር ነበር። (በአገራችን ሥነ ጽሑፍ የተማረ መምህር ልቦለድ የሚያስተምርበት ክፍለ ጊዜ ጥቂት ነው፤ የቀረውን ዕድሜውን የነርሱንም የመሐንዲሱንም ዐረፍተ ነገር ሲያርም ይኖራል።) «ይህን ሙያ ለምን መረጥሁ?» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ጻፉ አልኳቸው። አርባ ያህል ወረቀት ሰበሰብኩ። ከአንዱ በቀር ሁሉም አንድ እጅ የጻፋቸው ይመስሉ ነበር፤ ወገኔን ለማገልገል፣ የእናቶችን ሞት ለመቀነስ፣ ያስተማረኝን ሕዝብ ውለታ ለመክፈል። አንዷ ግን ሙያውን አልመረጥኩትም፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ሒሳብ አያያዝ ነበር፣ እዚህ የተመደብኩት በምደባ ነው፣ ከመጣሁ አይቀር ግን ጥሩ አዋላጅ መሆን እፈልጋለሁ፣ ለዚያ ምን እንደሚያስፈልገኝ ገና አላወቅሁም ብላ ጻፈች።

ሰዋስዉ እንከን አልነበረበትም። እኔ ግን ከግርጌው «ዓላማ ይጎድለዋል» የሚል ጽፌ ሲ ሰጠኋት። ለእነዚያ ለሕዝብ አፍቃሪዎቹ ኤ እና ቢ አደልኩ።

«ታዲያ ሙያውን ተውሽው?» አልኳት።

«ስድስት ዓመት ሠርቼ ነው የተውኩት» አለችኝና ረጋ ብላ፣ «ጥሩ አዋላጅ ነበርኩ» ስትል ጨመረች።

ገበያው ቀዝቀዝ ያለ ነበርና በርጩማ አቀረበችልኝ። የነገረችኝን አሳጥሬ ላካፍላችሁ።

የተመደበችው ከወረዳው ከተማ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ጤና ጣቢያ ነው። በወረቀት ላይ ሁለት አዋላጆች አሉት። በተግባር ግን አንደኛዋ ወይ ሥልጠና ላይ፣ ወይ ዘመቻ ላይ፣ ወይ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት (አዋላጅም እኮ ትወልዳለች!)። ስለዚህ ሌሊቱ ያው የአንድ ሰው ነው። አንድ ሌሊት ሁለት እናቶች በምጥ ላይ እያሉ መብራት ጠፋ። ዘበኛው ከመጋረጃው ውጪ ቆሞ በሞባይሉ እያበራላት አንደኛዋን አዋለደች። ሁለተኛዋ ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ማኅፀን እንዲኮማተር የሚሰጠው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ የጤና ጣቢያው ፍሪጅ ግን መብራት በየጊዜው በጠፋ ቁጥር ተራ ቁም ሣጥን ነው። መርፌውን ወጋቻት። መድኃኒቱ ይሥራ አይሥራ እርግጠኛ አልነበረችም። በአንድ እጇ ሆዷን እያሸች በሌላ እጇ አምቡላንስ ደወለች። አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። መጣ፤ ግን ዘግይቶ መጣ። እናትየዋ ሆስፒታል ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች።

«ያን ጊዜ ነው የወጣሽው?»

«አይ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ እኮ! በሳምንቱ ስብሰባ ጠሩኝ። ሪፖርት ጻፊ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ለምን ቀድመሽ ሪፈር አላልሽም አሉኝ። ይጠይቁኝ፤ ሰው ሞቶ መጠየቅ አለብኝ። ግን ስለ ፍሪጁ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሌሊት ለምን ብቻዋን ሆነች ያለም አንድ ሰው አልነበረም።»

ከዚያ የዱቲ ክፍያዋ ዘጠኝ ወር ተጠራቀመ። አገባች፤ ባሏ ሌላ ከተማ ነው። ዝውውር ስትጠይቅ «ተቀያሪ ራስሽ ፈልጊ» ተባለች። መልቀቂያ ስትጠይቅ አይሆንም ተባለች። የግዴታ አገልግሎቴን ጨርሻለሁና ዋናውን ዲግሪዬን ስጡኝ ስትል ከቢሮ ቢሮ ተመላለሰች። በመጨረሻ ጥላው ወጣች። ወረቀቱ ምናልባት ዛሬም እዚያው ፋይል ውስጥ ይኖራል። ያ ጤና ጣቢያ አዋላጅ የለውም፤ ዲግሪ ግን አለው።

የአንዲት ሴት ታሪክ የአገር ታሪክ አይሆንም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ስለዚህ ወደ አገሩ እንሂድ።

በማሠልጠኑ በኩል አልሰነፍንም፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ሲመደቡ፣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደርሷል። ሚሊኒየሙን በተቀበልንበት ሰሞን በመላ አገሪቱ የነበሩት የሠለጠኑ አዋላጆች ከ2 ሺህ አይበልጡም ነበር፤ ከዚያ በኋላ በተፋጠነ ሥልጠና ቁጥሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጥፍ ድርብ ሆነ። ውጤቱም ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ነበሩ። በ2003 ዓ.ም. 10፣ በ2008 ዓ.ም. 26፣ በ2011 ዓ.ም. 48 ሆኑ። በ1992 ዓ.ም. ከ100 ሺህ በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ እንደነበር የገመተው ያው ጥናት በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩን 412 አድርሶታል። ይህን ለውጥ ያመጡት በአብዛኛው የሃያ ሁለትና የሃያ ሦስት ዓመት ልጆች ናቸው።

ነገር ግን ዘዴው ራሱ አንድ ጣጣ ነበረበት። በዚያ ዘመን በጤና ፖሊሲ ሰዎች አፍ ላይ የነበረው ቃል «ፍለዲንግ» ነው፤ በአማርኛ ማጥለቅለቅ። ብዙ እናሠልጥን፤ የሚሄደው ይሂድ፤ የሚቀረው ይበቃናል ነው ነገሩ። ጎርፍ ግን የገጠር ሰው እንደሚያውቀው መሬት አያርስም። በላዩ ያልፋል፤ አፈሩንም ይዞ ይሄዳል። ማጥለቅለቅ ከሚለው ቃል ጎን ማቆየት የሚል ሌላ ቃል ይነገር ነበር። የመጀመሪያውን ሠራነው፤ ሁለተኛውን በስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፍነው።

ለምን ቢባል፣ ማሠልጠን ለዓይን ይሞላል። ምረቃ አለው፤ ጥቁር ካባ አለው፤ እንግዳው ንግግር ያደርጋል፤ ማታ በቴሌቪዥን ይታያል። ማቆየት ግን የቤት ውስጥ ሥራ ነው። የተበላሸ ፍሪጅ ማስጠገን፣ የዱቲ ክፍያ በወሩ መክፈል፣ በጤና ጣቢያው ግቢ ሁለት ክፍል ቤት መሥራት፣ ሌሊት ሁለተኛ ሰው መመደብ። ፍሪጅ ስለተጠገነ ሪባን የሚቆርጥ ሹም አይቼ አላውቅም። የቤት ውስጥ ሥራ ደግሞ የሚታወቀው ያልተሠራ ዕለት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ባሰ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉ የለ? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተመረቁ ነርሶችና አዋላጆች፣ ጤና መኮንኖች፣ ሐኪሞች ሳይቀሩ፣ ሥራ አጥተው ቤታቸው ተቀምጠዋል። እንዴት ይሆናል? የዓለም ጤና ድርጅት ለ1 ሺህ ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል ሲል እኛ የዚያን ግማሽ እንኳ አልደረስንም። ታዲያ ትርፍ ሰው ከየት መጣ?

ትርፍ አይደለም። የሚያሠለጥነው አንድ ኪስ፣ የሚቀጥረው ሌላ ኪስ ስለሆነ ነው። ዩኒቨርሲቲው በፌዴራል በጀት ተቀብሎ ያስመርቃል፤ የግል ኮሌጁ ክፍያ ተቀብሎ ያስመርቃል፤ መቅጠር ያለበት ግን ወረዳው ነው። የወረዳው በጀት ደግሞ ባሉት ሠራተኞች ደመወዝ ያልቃል። ስለዚህ «መደብ የለም» ይባላል። እንግዲህ ይታያችሁ፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ አንዲት አዋላጅ ሦስት ሌሊት አከታትላ ሳትተኛ ታድራለች፤ ከእሷ ሁለት መንደር ማዶ ሌላዋ አዋላጅ ዲግሪዋን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ለእናቷ ቡና ትቆላለች። ሁለቱን የለያቸው አንድ የበጀት መስመር ነው።

ይህ በሽታችን የዛሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ነርስነት ተምራ የተመረቀች ሴት ነበረች። የንጉሥ ልጅ የበሽተኛ አልጋ ማንጠፍ መማሯ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ወደ አገሯ ተመልሳ፣ አግብታ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተች። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ነበር። ነርሷም፣ ልዕልቷም፣ እናት ልትሆን የነበረችውም አንድ ሰው ናት፤ ሦስቱም ማዕረጎች አላዳኗትም። አዲስ አበባ ላይ በስሟ ሆስፒታል ተሠራላት፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው።

በ1951 ዓ.ም. ወደዚህ ሆስፒታል ሁለት ሐኪሞች፣ ባልና ሚስት፣ መጡ፤ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን። ሁላችንም የምናውቃቸው በፊስቱላ ነው። የመጡበት ሥራ ግን የአዋላጆች ትምህርት ቤት ማቋቋም ነበር። ትምህርት ቤቱ ጥቂት አዋላጆችን ብቻ አሠልጥኖ ተዘጋ። እነሱ አልሄዱም። ከ15 ዓመት በኋላ የፊስቱላ ሆስፒታል ከፈቱ። እስቲ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። ፊስቱላ ማለት በአብዛኛው ምጥ ላይ ሳለች በጊዜው የደረሰላት ባለሙያ ያጣች ሴት የሚደርስባት ጉዳት ነው። አዋላጅ የምታወጣዋን ትምህርት ቤት ዘጋን፤ አዋላጅ በማጣት የተጎዱትን የሚጠግን ሆስፒታል ተከፈተልን። ጥገናውን ዓለም አደነቀው፤ ማድነቁም ተገቢ ነው። ሐኪሟ ግን ወደ መጀመሪያ ሐሳባቸው ለመመለስ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። በሚሊኒየሙ ዋዜማ የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ተማሪዎቹን የሚቀበለው ከገጠር ነው፤ አራት ዓመት ያስተምራቸዋል፤ ከዚያ ወደ መጡበት አካባቢ ተመልሰው እንዲሠሩ ያደርጋል፤ ከሄዱም በኋላ እየተከታተለ ይደግፋቸዋል። ሐኪሟ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሲያርፉ ብዙ ተጻፈላቸው። ከተጻፈው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ይህ የመጨረሻው ነው። ሰውን ማቆየት የሚጀመረው ሰው ስትመርጥ ነው፤ አስመርቀህ ስትሸኝም አያበቃም።

የመንግሥትን ድርሻ ብቻ ቆጥሬ ባቆም ግን አድሎ ይሆንብኛል። እኛስ? ቋንቋችንን ተመልከቱት። የወለደች ሴት ልንጠይቅ ስንሄድ ክርስቲያኖቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላለን። መልካም ነው፤ ማረቻት። ነገር ግን እስቲ አራስ ልትጠይቁ ሄዳችሁ «ያዋለደችሽ ማን ናት?» ብላችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ገንፎው ሲበላ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ አዋላጇ ቀጣዩን ምጥ ይዛለች። ሕፃኑ የሞተ ወይም እናትየዋ የሞተች ዕለት ግን ስሟን በአንድ ሰዓት ውስጥ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ሌላም ልማድ አለን። ለመክፈል ያልፈለግነውን ሥራ «የተከበረ ሙያ» እንለዋለን። መምህርነትን እንዲህ አድርገን ነው የገደልነው፤ ምስክሩ እኔ ነኝ። አሁን ተራው የነጭ ጋዋኑ ነው። መስዋዕትነት የሚለው ቃል በራስ ሲወሰን ክቡር ነው። በደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተጽፎ ሲመጣ ግን ዕዳ ማስተላለፊያ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ትግራይ ውስጥ ከዓመት በላይ ደመወዝ ሳያገኙ የሠሩ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። እነዚያን ማክበር ሌላ ነው፤ የእነሱን መከራ መመዘኛ አድርጎ በሰላም አገር የሦስት ወር ዱቲ ለጠየቀች ልጅ «አንቺ ምን ሆነሽ» ማለት ሌላ ነው።

በዚህ ጎራ ያሉትም እንከን የላቸውም ማለቴ አይደለም። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ተሰድባ፣ ተመናጭቃ፣ አንዳንዴም ተመትታ የወጣች እናት ስንት ናት! «ሁለተኛ ጤና ጣቢያ አልወልድም» ብላ ለቀጣዩ ልጇ ቤቷ የቀረች አውቃለሁ። ድካም ሰበብ አይሆንም። ግን እንቅልፍ ያጣ፣ ብቻውን የቀረ፣ ነገ ተጠያቂ እንደሚሆን እንጂ ነገ እንደሚረዳ የማያውቅ ሰው ገራም እንዲሆን መመሪያ ማውጣት አይቻልም። የምጥተኛዋ ክብርና የአዋላጇ ክብር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚያድሩት።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች አደባባይ ሲወጡ አየን። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ፤ የታሰሩም ነበሩ። ጥያቄያቸው በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር፤ የሚያኖር ደመወዝ፣ በጊዜው የሚከፈል ክፍያ፣ ደኅንነት። በሽተኛ ትቶ መውጣት ከባድ ነገር ነው፤ የሚወጣውም ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። በአደባባይ የወጡትን እንቆጥራለን፤ በዝምታ የሚወጡትን የሚቆጥር የለም። የእኔ ተማሪ አላመጸችም። መፈክር አልያዘችም። ሱቅ ከፈተች። አንዳንዷ ዲቪ ደርሷት ሄዳ ዋሽንግተን አካባቢ እንደገና ከረዳት ነርስነት ትጀምራለች፤ ሌላዋ ወደ ዓረብ አገር ትሻገራለች። ይህ ሥራ ማቆም ነው፤ ልዩነቱ ተመልሶ የማይጀመር መሆኑ ብቻ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ የዐረፍተ ነገር አራሚ ነኝ፤ የጤና ዕቅድ አውጪ አይደለሁም። ቢሆንም በየዓመቱ ስንት አስመረቅን ከሚለው ዐረፍተ ነገር ቀጥሎ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ካስመረቅናቸው ስንቱ ዛሬም ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ናቸው የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይጨመርልኝ። ሪፖርቱ ይህን እንዲል የተገደደ ሹም ፍሪጁን ያስታውሳል። ማታ ማታ አንዲት አዋላጅ ብቻዋን እንዳትሆን፤ ሥራ ፈተው የተቀመጡት እኮ አሉ፤ ለእነሱ የሚሆን መደብ ከፌዴራሉም ከክልሉም ተዋጥቶ ይከፈት። ሩቅ ቦታ የምትሄደው ልጅ ስንት ዓመት እንደምትቆይ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደምትዛወር፣ መቼ እንደምትማር ገና ስትሄድ በጽሑፍ ትወቀው። ቃሉም ይጠበቅላት። ሰው ችግርን ይችላል፤ መጨረሻው የማይታወቅ ችግርን ግን ማንም አይችልም። ዲግሪዋን ደግሞ መልሱላት። ወረቀት የያዘ ሰው አልያዘም።

ስለ ማርኩ ልጨርስ። ያኔ ኤ ያገኙት የት ደረሱ ብዬ ጠየቅኋት። የምታውቃቸውን ቆጠረችልኝ፤ ጥቂቶቹ አሁንም እየሠሩ ነው፤ ብዙዎቹ የሉም። ሲዋ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። ለሙያው ምን እንደሚያስፈልጋት ገና እንደማታውቅ በግልጽ የጻፈችው እሷ ብቻ ነበረች። ያ ጥያቄ የእሷ ብቻ አልነበረም፤ የእኛም የቤት ሥራ ነበር። እኔ «ዓላማ ይጎድለዋል» ብዬ መለስኩላት፤ አገሩም ከዚያ የተሻለ መልስ አልሰጣትም። «ማርኩን አሁን ላስተካክልልሽ?» ብላት፣ «ምን ያደርግልኛል፣ ቲቸር?» ብላ ሳቀች።

ልወጣ ስል አንዲት ነፍሰ ጡር የሕፃን ልብስ ልትጠይቅ ገባች። ባለሱቋ ዋጋ አልነገረቻትም። መጀመሪያ እግሯን አየች፤ ከዚያ ፊቷን።

«እግርሽ ከመቼ ጀምሮ ነው ያበጠው? ራስ ምታትስ አለሽ?»

«አዎ፣ ሰሞኑን… ድካም ነው ብዬ ነው።»

«ልብሱ ይደርሳል፣ እህቴ። ግፊትሽን ዛሬውኑ ሄደሽ ተለኪ። ነገ እንዳትዪ።»